የተመረቀው ኮሶ

፩

አሜን።

፪

አዎ፣ ታሪኩ የሚጀምረው ከመጨረሻው ቃል ነው። አንባቢ ሆይ፣ ተራኪው ቅደም ተከተሉን አበላሽቶት አይደለም፤ ያበላሹት ባለታሪኮቹ ናቸው። ፈቃድ አውጥቶ ደጋ አጋዘን ሊያድን የሚመጣ አንድ ፈረንጅ ነበር። የአደን ካምፑ ሰዎችም እሱ ተቀምጦ የሚያደባበት ማማ የሚሠራበትን ዛፍ ለመምረጥ ወደ ጫካው ወጡ። የአገሩ ሽማግሌ ጋሽ ወልደየስ አንድ ግዙፍ ኮሶ ሥር ሲደርሱ ደከማቸውና ቆሙ። እሳቸው ሲቆሙ ሁሉም ቆመ። ሽማግሌ ደግሞ ሰው ከቦት ከቆመ እጁ ዝም አይልም፤ ዘረጉና መረቁ።

«ያሰባችሁት ይሙላ! የወጣ በሰላም ይውረድ!»

አሜን ተባለ።

ዛፉን ቀና ብለው ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

፫

ለማማ የሚሆን ዛፍ አመራረጥ

በሕይወት ያለ ዛፍ ፈልግ። ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ አንኳኳ፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ተወው። ቀና በል፤ ጫፉ ደርቆ ካየህ ተወው። ጎንበስ በል፤ ሥሩ ላይ እንጉዳይ ካበቀለ ተወው።

ከዚያ መርቅ።

፬

ኮሶው ባዶ ነው።

ይህን የማያውቅ የለም። በስንጥቁ ንብ ይገባል፣ ይወጣል። ዝናብ የያዘው መንገደኛ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ይጠለላል። እንዲያውም ጋሽ ወልደየስ ራሳቸው በጎልማሳነታቸው እዚያ ውስጥ ተጠልለው ያውቃሉ ይባላል። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የተመረቀ ዛፍ ይቀየር ማለት ሽማግሌውን በሰው ፊት ማዋረድ ነው። ሽማግሌ ከሚዋረድ ሰው ቢሰበር ይሻላል! እንዲህ ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም፤ ሁሉም ግን እንደዚያው አደረገ።

፭

ዳምጠው የካምፑ መንገድ መሪ ነው፤ ማማው ላይ ከፈረንጁ ጎን የሚቀመጠው እሱ ነው። እቴነሽ ሚስቱ ናት። ራት ላይ የተባባሉት ሳይጨመር ሳይቀነስ ይኸው፦

እቴነሽ፦ ባዶ መሆኑን ታውቃለህ?

ዳምጠው፦ አውቃለሁ።

እቴነሽ፦ ታዲያ ምነው ዝም አልክ?

ዳምጠው፦ ተመረቀ እኮ!

እቴነሽ፦ ቢመረቅስ?

ዳምጠው፦ የክርስትና አባቴ ናቸዋ። «የመረቁት ብስባሽ ነው» ልበላቸው?

እቴነሽ፦ እሳቸውማ መሬት ላይ ናቸው! የምትወጣው አንተ ነህ!

ዳምጠው፦ እኔም አሜን ብያለሁ፣ እቴዬ።

እቴነሽ፦ …

(እዚህ ላይ የተባለው አይጻፍም።)

፮

ሳይቃጠል በቅጠል ብላ በነጋታው ወደ ካምፑ ኃላፊ ወደ አቶ ሚኪያስ ሄደች። ሰውየው ትሑት ነው። ወንበር ሰጣት፣ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት።

«ልክ ነሽ እህቴ፤ እኔም ሰምቻለሁ» አላት። «ግን ሽማግሌዎቹ ቅር ካላቸው እዚህ አገር ሠርተን አናድርም። ደግሞ ለመንገድ ቅርብ ነው፣ እንግዳው አይደክምም። ለማንኛውም ዳምጠውን በገመድ እናስረዋለን።»*

እቴነሽ ተነሥታ ወጣች። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ተሳድባ ይወጣላት ነበር። እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ልክ ነሽ የሚልን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

* ገመዱ የሚታሰረው ከዛፉ ጋር ነው።

፯

ለማማ የሚሆን ዛፍ አመራረጥ (እንደሚሠራበት)

ሽማግሌ የደከማቸው ቦታ ላይ የበቀለ ይሁን። ለመንገድ ይቅረብ። ባዶ መሆኑን ሁሉም ይወቅ፣ ማንም አይናገር፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። የሚወጣው ሰው ሚስትም እንደ ሌላው ዝም ትበል።

፰

አላለችም።

ማማው ተሠርቶ መሰላሉ የተደገፈ ዕለት አገሩ ሁሉ ለምረቃ ተሰበሰበ። ለምረቃ! እንደገና! ዳምጠው ወገቡ ላይ ገመዱን እያጠበቀ ነበር። እቴነሽ ነጠላዋን አደግድጋ መጣችና መሰላሉ ፊት ቆመች። ልትጮህ ነው ብሎ አቶ ሚኪያስ ተሳቀቀ። እሷ ግን አልጮኸችም። ከጋሽ ወልደየስ ፊት እስከ ጉልበቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ጋሼ፣ ድፎ ዳቦ ሲመረቅ ማነው መጀመሪያ የሚቀምሰው?»

«ምን ትጠይቂኛለሽ ልጄ፣ የመረቀው ነዋ!»

«እንግዲያው ይቅደሙ» አለችና በሁለት እጇ መሰላሉን አሳየቻቸው።

፱

ሽማግሌው መሰላሉን ከታች እስከ ላይ አዩት።

ተራኪው እዚህ ላይ ሽማግሌው ስቀው «አይ አንቺ ልጅ! በሉ ሌላ ዛፍ ፈልጉ» እንዲሉ በጣም ተመኝቶ ነበር። እቴነሽም የተመኘችው ይህንኑ ነው። ያላሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይሉኝታ እሳቸውንም ይዟቸዋል። በሰው ፊት ይቅደሙ የተባለ ሽማግሌ ወደ ኋላ አይልም።

ከዘራቸውን ለዳምጠው ሰጡት። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። አንድ እግራቸውን መሰላሉ ላይ አሳረፉ።

ከኮሶው ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ተፈርፍሮ ወረደ። ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። አቶ ሚኪያስ ጉሮሮውን ጠረገና ተወው። እቴነሽ «ጋሼ» ልትል ፈልጋ የመሰላሉን እግር ያዘች። ባሏን ላድን ብላ ሽማግሌ ልትገድል ነው! ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ይህን ሁሉ ለማስቀረት የሚበቃው ሦስት ቃል ነበር፣ ያንን ደግሞ እዚያ የቆመው ሁሉ ያውቀዋል። አንተም ታውቀዋለህ፤ በአራተኛው ቁጥር ላይ አንብበኸዋል፣ እስካሁንም ዝም ብለህ እየተከተልክ ነው።

፲

ሽማግሌው ሁለተኛውን እግራቸውን አነሱ።

መሰላሉ ጮኸ።

ዳምጠው ከዘራውን እንደያዘ የክርስትና አባቱን አየ። ከዚያ ሚስቱን አየ። ከዚያ አፉን ከፍቶ እንዲህ አለ፦

፲፩

«