ያልተከደነው ላፕቶፕ

ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ማንም ላይ አላላክክም።

ጠዋት ሞንቴቪዴዮ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሰሜን ጠረፍ ላይ አርቲጋስ ከተማ ወዳለው ኮምፒውተር ከርቀት ገባሁ። የኳሬይም ወንዝን ከፍታ የሚለካው እሱ ነው፤ ውሃው ከልኩ ካለፈ ሳይረን ያስጮኻል። ለጥገና ብዬ ሳይረኑን ዝም አሰኘሁት። እጄ አያርፍምና የመግቢያውን ደንብም ነካካሁ፦ ከእንግዲህ በይለፍ ቃል መግባት የለም፣ በቁልፍ ፋይል ብቻ። ገቢውን የሚፈትሸው በረኛ ፕሮግራም አዲሱን ደንብ እንዲያነብ አዝዤ ወጣሁ። ቁልፌን ግን እዚያ አላስቀመጥኩም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞላ። ሳይረኑን ልመልስ ልግባ ብዬ ብሞክር፣ ደግሜ ብሞክር፣ "አይፈቀድም" ብቻ። ወደ ኮምፒውተሩ የሚወስደውን መንገድ ውሃ ውጦታል። እህቴ ኤሊዳ ከነሰፈርተኛው ወንዙ ዳር ናት፤ ሳይረኑ እስካልጮኸ ድረስ ተዘልለው ይቀመጣሉ። ስልኳ አይነሳም።

ዊልማር ትዝ አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጠዋት እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከገባ ሳይወጣ ይውላል፤ በዚህ ጉዳይ ስድስት ዓመት ተጨቃጭቀናል። በረኛው ደግሞ አንድ ሰው ባንኳኳ ቁጥር የራሱን ቅጂ፣ ልጅ እንበለው፣ ወልዶ እንግዳውን ያስረክበዋል፤ ራሱ ወደ በሩ ይመለሳል። አዲሱ ደንብ የሚይዘው አዲስ መጪን ነው። ጠዋት ዊልማርን የተቀበለው ልጅ፣ ዊልማር እስኪወጣ በድሮው ደንብ አብሮት ይቆያል። ላፕቶፑን ከከደነው ግን ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ያኔ አለቀልን።

ወንበሩ ባዶ ነበር። በሩጫ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

"ዊልማር! እንዳትከድነው!"

አሳንሰሩ በር ላይ ዞር አለ። ቴርሞሱ ብብቱ ውስጥ፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ የሚጠጣበት ቅል በአንድ እጁ፣ ላፕቶፑ እንደተከፈተ በሌላው ክንዱ ላይ።

"በየትኛው እጄ ልክደነው፣ አንቺ ሴትዮ?"

"ስጠኝ!"

"ስድስት ዓመት ዝጋ ዝጋ ስትዪኝ ኖረሽ ዛሬ ደግሞ…"

"ዛሬ አፍህን ብቻ ዝጋ!"

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሳይረኑን ቀሰቀስኩት፣ ከዚያ ደንቡን ወደ ቦታው መለስኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ኤሊዳ ደወለች። ከኋላዋ ሳይረኑ ይጮኻል።

"ሰምተናል፣ ዙልማ። ልጆቹን ይዘን ወደ ጉብታው እየወጣን ነው። ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?"

ዊልማር ቅሉን ሞልቶ አቀበለኝ። ማቴ ይመረኛል፣ አልወድም፤ ጨልጬ ጠጣሁት። አመሰግናለሁ ልለው አፌ ላይ ደረሰ። እኛ ዘንድ ግን ማቴ ተቀብሎ አመሰግናለሁ ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው። ቅሉን ብቻ መለስኩለት።

ደግሞ ሞላልኝ።