ተቆርጦ የሚገጥም ላስቲክ

ሆሴዕ መድረክ ላይ ወጥቶ መቀሱን ሲያነሳ ጵርስቅላ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ደሟ ፈላ። ሦስት ዓመት የለፋችበትን ላስቲክ ለእንግዶች ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ «ይህ የቡድናችን የፈጠራ ውጤት ነው» ይላል። የቱ ቡድን? እስቲ ማን ይሙት፣ ከቡድኑ ውስጥ ኮላውን በእጁ ያቦካ ማን ነበር?

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው። ሆሳዕና በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ጵርስቅላ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ፣ ሆሴዕ ደግሞ የክፍል ኃላፊዋ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ለአምስት ሲደራጅ ሆሴዕ የእነ ጵርስቅላ ቡድን መሪ፣ ጠርናፊ የሚሉት፣ ሆነ። የሪፖርቱ ቅጽ ላይ «የፈጠራው ባለቤት» የሚለው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ በልማድ ጠርናፊው ይጻፍበታል። ሆሴዕም ሳያፍር ስሙን ጻፈበት። ቤተ ሙከራው ውስጥ የገባው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱም ቻርጀር ፍለጋ።

ላስቲኩ የተሠራው ለወይዘሮ ትርፊት ነበር። የጵርስቅላ እናት ናቸው፤ ሀደሮ እንሰት ሲፍቁ ኖረው ስትሮክ መታቸውና የቀኝ እጃቸው ጣቶች አልታጠፍ አሉ። ሐኪሙ ጣቶቻቸውን በየቀኑ እንዲያለማምዱ አዘዛቸው። ጵርስቅላ ጣት ላይ የሚታሰር ነገር አበጀችላቸው፤ ጣት ሲታጠፍ ትንሿ መብራት ትደበዝዛለች፣ ሲዘረጋ ትደምቃለች። እናት መብራቷን እያዩ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። ሽቦው ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበጠሳል።

ስለዚህ ሽቦውን ተወችው። ከአናጢ ነጭ ኮላ፣ ከወርቅ ሠሪ ለምና ያመጣችው ቦራክስ፣ ጨውና ከፋርማሲ የገዛችው ግሊሰሪን ቀላቅላ፣ ስንት ጊዜ አበላሽታ፣ የሚለጠጥ፣ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፖሊመር፣ ይህን ላስቲክ፣ አገኘች። ቢቆረጥም ጫፍ ለጫፍ ሲያገናኙት ራሱን ይጠግናል። አንድ ችግር ብቻ ቀረው፤ በሁለት ሳምንት ይደርቃል። የዛሬው የፈጠራ ሽልማት አሸናፊ አዲስ አበባ ወዳለ ትልቅ ቤተ ሙከራ ለስድስት ወር ይላካል። ጵርስቅላ የምትፈልገው ይህን ብቻ ነበር። እዚያ ብትደርስ የማይደርቅ ታደርገዋለች።

ሆሴዕ ላስቲኩን ቀጭ አደረገው። ከላስቲኩ ጋር የተያያዘችው ትንሽ መብራት ጠፋች። ሁለቱን ቁራጭ በግራና በቀኝ እጁ ይዞ፣ ወዲያው በማገጣጠም ፈንታ ንግግር ጀመረ! ስለ ልማት፣ ስለ ሠራተኛው ተነሳሽነት፣ ስለ ጥቃቅንና አነስተኛ። የቆርቆሮው ጣሪያ ያቃጥላል። ሃያ አምስት ደቂቃ። ጵርስቅላ ሰዓቷን እያየች ጥርሷን ነከሰች። በሰጠችው መመሪያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ከተቆረጠ ወዲያው ይገጠም፤ ከቆየ ጫፉ ይደርቃል» ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ በቀይ አስምራበት ነበር። መች አነበበውና!

በመጨረሻ ቁራጮቹን አገናኛቸው። ወደቁ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ወደቁ። ከመሀል አንድ ሰው ሳቀ።

«እህት ጵርስቅላ፣ እስቲ ብቅ በይ» አለ፣ ላቡን እየጠረገ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሚያመልኩ እህት ይላታል።

ይዋረድ! አለች በልቧ። ይበለው፣ ደግ አደረገው! ግን የእናቷ ጣቶች ትዝ አሏትና ተነሳች። ምላጭ አውጥታ የደረቁትን ጫፎች ቆርጣ ጣለች፤ አዲሶቹን ጠብታ ውኃ አስነክታ ገጠመቻቸውና ያዘቻቸው። አሥር ደቂቃ ሙሉ አልለቀቀቻቸውም። መብራቷ በራች። ስትለጥጠው ደበዘዘች፣ ስትለቀው ደመቀች። ጭብጨባው ቀለጠ።

የክብር እንግዳዋ ወይዘሮ ገነቴ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን ማን ነው የሠራው?» አሏት።

«ቡድኑ ነው» አለ ሆሴዕ ቶሎ ብሎ።

«እኔ ነኝ» አለች ጵርስቅላ። «ብቻዬን።»

ወይዘሮ ገነቴ እሷንም እሱንም አዩ። ከዚያ በእጃቸው የያዙትን የምስክር ወረቀት አዩ፤ የሆሴዕ ስም ታትሞበታል፣ ማኅተሙም አርፎበታል። «እንግዲህ ታትሟል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በሚቀጥለው ሪፖርት ይስተካከላል።» ሆሴዕ በሁለት እጁ ተቀበለ። ዓይኑን እንኳ ወደ እሷ አላዞረም።

በሚቀጥለው ሪፖርት የተስተካከለ ነገር የለም። ሆሴዕ አዲስ አበባ ሄደ፤ በሦስተኛው ወር ተመልሶ ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመ። በፖስታ የያዘውን ላስቲክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ቆዳ ጠጥሯል።

«ጥያቄ ሲያበዙብኝ መመለስ አቃተኝ» አለ። «አሰናበቱኝ። አጥፍቻለሁ፣ እህቴ። ስምሽን አብረን እናስገባና እንደገና እንጻፍላቸው። እንደዚያ ቀን ጫፉን ቆርጠሽ ግጠሚውና አሳዪኝ።»

ጵርስቅላ ቁራጩን አንስታ በጥፍሯ ጫረችው። ከዚያ መልሳ ወደ እሱ ገፋችው።

«ወንድም ሆሴዕ» አለች፣ «ያን ቀን መድረኩ ላይ የደረቀው ጫፉ ብቻ ነበር። አሁን እስከ ውስጡ ደርቋል።»