በወረቀቱ ላይ ያልነበረው ስም

አማቴ «ተመስገን» ማለት ያበዛሉ። መብራት ሲመጣ ተመስገን፣ መብራት ሲጠፋም ተመስገን። የጉልበታቸው ቁርጥማት ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር «ተመስገን፣ ግራው ዐረፈ» ይላሉ። ያኔ እንዳገባሁ ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያውም ደሴ ላለችው እናቴ ደውዬ «መልአክ የሆኑ አማት ገጠሙኝ» ብያታለሁ። አሁን ግን ያች ቃል ከአፋቸው በወጣች ቁጥር እበግናለሁ።

ምክንያት አለኝ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የባለቤቴ የፍሰሃጽዮን መርዶ መጣ። ፍሰሃ የፊዚክስ መምህር ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ድምፁን የሰማ የለም። መርዶውን ያመጣው አብሮት የነበረ፣ ሥዩም የሚባል በክራንች የሚሄድ ሰው ነው። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ አማቴ ቤት፣ ጠባቧ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን ሥዩም አንገቱን ደፍቶ በትግርኛ ተናገረ። ፍሰሃ የለም አለ። ሌላም ነገር ጨመረ፤ እኔ ግን በራሴ ጩኸት ውስጥ ስለነበርኩ አልሰማሁትም። የሰማሁት አማቴን ነው፤ በትግርኛ አደይ፣ እናቴ፣ የምላቸውን። አደይ ኣልጋነሽ ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው «ተመስገን» አሉ።

በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ሞተ ሲባሉ ተመስገን! ተነሥቼ ወጣሁ። በሩን የዘጋሁበትን ድምፅ ጎረቤት እስከ ዛሬ ያነሣዋል። ስመለስ ሥዩም ሄዷል፣ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል፣ እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ «የት እንደሞተ፣ እንዴት እንደሞተ አንዲት ቃል እንዳይነግሩኝ። መቼም ቢሆን» አልኳቸው።

«ሕራይ፣ ጓለይ» አሉ። እሺ ልጄ ማለታቸው ነው። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት እየኖርን ዓመት ሞላን። ለምን ትተሻቸው አትሄጂም የሚሉኝ አሉ። ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ውስጥ ሥራ አለኝ፣ የትም ብከራይ እኖራለሁ። ግን የፍሰሃ እናት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ይዘው ብቻቸውን ጥያቸው ብሄድ ፍሰሃ ያዝንብኛል። ስለዚህ ምግባቸውን እሠራለሁ፣ መድኃኒታቸውን አመጣለሁ፣ ከሥራ በቀር ሌላ ወሬ አላወራቸውም። በየማለዳው ጎህ ሲቀድ ወደ ምሥራቅ ዞረው ሲቆሙ፣ መቁጠሪያቸው ሲንሿሿ፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» ሲሉ በስሱ ግድግዳ በኩል እሰማለሁ። ትራሴን ጆሮዬ ላይ እጫናለሁ። እኔ ከመርዶው ቀን ጀምሮ ጸሎት የሚባል ነገር ትቻለሁ። ምን ብዬ ላመስግን?

የሆነ ሆኖ ከመርዶው የሚቆጠረው ሙት ዓመቱ ሲደርስ ለፍሰሃ ፍትሐት ማስደረግ ፈለግኩ። ለእግዚአብሔር ብዬ አይደለም፤ ለፍሰሃ ብዬ ነው። ሰው ከነወጉ መሸኘት አለበት። ባሌ ያላንዳች ጸሎት እንደ ወጣ ቀረ ብለው እንዲያወሩበት አልፈልግም። ተዝካሩን ለቅዳሜ ቀጥሬ የአማቴ የንስሐ አባት ወደሆኑት ቄስ፣ ወደ ቀሺ ዘሚካኤል ሄድኩ።

«መልካም አደረግሽ» አሉኝ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«አላውቀውም» አልኩ።

ቤተ ክርስቲያን ፍሰሃጽዮን መምህሩን አታውቀውም። የምታውቀው በተወለደ በአርባ ቀኑ ስታጠምቀው ያወጣችለትን ስም ነው፤ ሲሞትም የምትጠራው በዚያ ስም ነው። ፍሰሃ ክርስትና የተነሣው ሳምረ አካባቢ፣ እናቱ በተወለዱበት መንደር ነው። እኛ ደግሞ የተጋባነው በማዘጋጃ ቤት ነው፤ ስሙን የጠየቀን የለም። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ተኛሁ፤ የጫማ ቁጥሩን አውቃለሁ፣ ሻይ በስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚወድ አውቃለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

«ሚስቱ ሆነሽ?» አሉ ቀሺ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «በጸሎት አስበሽው አታውቂም ማለት ነው?»

ደሜ ፈላ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ በሮማናት አደባባይ በኩል ስሄድ የባጃጁ ጥሩምባ ሁሉ እኔን የሚሰድብ መሰለኝ። ስሙን የምታውቅ አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ቤት ተቀምጣለች። በልቤ አንቺ አልኳቸው፤ ይቅር ይበለኝ።

ስገባ ምስር እየለቀሙ ነበር።

«አደይ፣ የፍሰሃ የክርስትና ስም ማን ነው?»

እጃቸው ቆመ። «ለምንድነው?»

«ለፍትሐቱ ነዋ! ቅዳሜ ተዝካሩ አይደል?»

«ገና ነው» አሉ።

«ምኑ ነው ገና? ዓመት ሞላው እኮ! የሞተ ሰው ነው፣ አደይ! ሞቷል!»

«ኣውቃለሁ፣ ጓለይ። ሞቱን ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ስሙን ይስጡኛ!»

«ለኣንድ ቅዳሜ ብዬ ስሙን ኣልሰጥም» አሉና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ንዴት መቼ መጠየቅ ያስችላል? አሮጊቷ ልጃቸው አልሞተም ብለው ራሳቸውን እያታለሉ ነው፣ ለዚያ ነው ስሙን የደበቁት አልኩ። አንዴ እንደዚያ ካልኩ በኋላ የሚያዩት፣ የሚናገሩት ሁሉ ለዚህ ማስረጃ ሆነልኝ።

በማግስቱ ቅዳሴ ሲሄዱ ጠብቄ የጸሎት መጽሐፋቸውን ከፈትኩ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥረዋል፤ ጣታቸውን እያስኬዱ ያነባሉ። ከውዳሴ ማርያሙ መሐል አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ከላይ «ለሕያዋን» ይላል። ከሥሩ ስድስት ስሞች ተጽፈዋል። የመጀመሪያው «ወለተ ኪዳን» ነው። እኔ ነኝ! ማን ለምኗቸው? ለእኔ ጸልዩልኝ ያልኩ ይመስል ከሁሉም አስቀድመው አስጽፈውኛል። የሚቀጥሉት አራቱም «ወለተ» ብለው የሚጀምሩ የሴቶች ስሞች ናቸው፤ እህቶቻቸውና የእህቶቻቸው ልጆች መሆን አለባቸው። የወንድ ስም አንድ ብቻ ነው። ገብረ መድኅን።

አገኘሁት አልኩ። አገኘሁትና ደግሞ በገንኩ። ለሕያዋን ይላል! አንድ ዓመት ሙሉ ሙቱን ከቋሚ ጋር እየደመሩ፣ ስለ ጤናው ተመስገን እያሉ ኖረዋል ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን ወረቀት የያዝኩት ሞኝ እኔ ነበርኩ። ስሙን በብጣሽ ወረቀት ገልብጬ ወደ ቀሺ ዘሚካኤል ገሠገሥኩ።

ቀሺ ከቅዳሴ ወጥተው ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ወረቀቷን አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን ነው ይሄን የሰጠሽ?»

«ከአደይ መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። እንግዲህ ስሙ ይኸው። ቅዳሜ ፍትሐቱን ይድገሙልኝ።»

«ያን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። እሳቸው እየነገሩኝ። ይሄ የፍሰሃ ስም ኣይደለም። ገብረ መድኅን በሕይወት ያለ ሰው ነው። የቆመ ሰው ላይ ፍትሐት ልድገም?»

«ማን ነው እሱ?»

«ሥዩም ነዋ።»

«የቱ ሥዩም? መርዶ ያመጣው?»

«ኣዎ። ፍሰሃን የቀበረው።»

«ቀበረው?» አልኩ። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ የእኔ አልመሰለችኝም። አራት ዓመት ለራሴ እንኳ ደፍሬ የማልጠይቀው ጥያቄ ይሄ ነበር። እንዴት እንደሞተ እንዳይነግሩኝ ያልኩትም ለዚሁ ነበር። ሜዳ ላይ ቀረ እንዳይሉኝ።

ቀሺ አለማወቄ ቢያስደነግጣቸውም ነገሩኝ። ሥዩም እግሩ ቆስሎ እየደማ፣ ጓደኞቹ እንሂድ እያሉት፣ ፍሰሃን ትቼ አልሄድም ብሏል። በምግብ ቆርቆሮ አፈሩን እየጫረ ቆፍሮ፣ በራሱ ጃኬት ጠቅልሎ ቀብሮታል። ራስጌው ላይ ሦስት ድንጋይ አቁሞለታል። በዚያ ሳቢያ ዘግይቶ ሕክምና በመድረሱ እግሩን አጣ።

«ኣደይ ኣልጋነሽ ሦስት ዓመት ሙሉ እየመጡ ኣንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለምኑት» አሉ ቀሺ። «ከወሰድከውም ውሰደው፣ ጅብ ግን ኣይብላው፣ የሰው እጅ ኣፈር ያልብሰው ይሉ ነበር። ሥዩም በእጄ ቀበርኩት ሲላቸው ተመስገን አሉ። ወዲያው እዚያው የክርስትና ስሙን ጠየቁት። እስክሞት ኣስብሃለሁ ብለው ቃል ገቡለት።»

እኔስ ያኔ የት ነበርኩ? በር በኃይል እየዘጋሁ። ባሌን የቀበረውን ሰው ደግሞ በቁሙ ፍትሐት ላስደግምበት ነበር። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ እያለቀስኩ አይደለም የሄድኩት፤ እየተሳደብኩ ነው። መጀመሪያ ራሴን ሰደብኩ። እሱ ሲከብደኝ እሳቸውን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

በሩን ከፍቼ እንደገባሁ «ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ጮህኩ።

ነጠላቸውን እያጠፉ ነበር። መጽሐፋቸው እንደተከፈተ አልጋው ላይ ትቼው ስለነበር ነገሩ ገብቷቸዋል።

«ኣይንገሩኝ ኣልሽ፣ ጓለይ።»

«ብልስ! በንዴት ያልኩትን ዓመት ሙሉ ይዘው ይቆያሉ?»

«ከንዴትሽ ስትወጪ እነግርሻለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ኣልወጣሽም።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ፍሰሃስ ወረቀቱ ላይ ለምን የለም? የሙታንም ዝርዝር አላየሁም።»

«ወረቀት እኮ ለሚረሳ ነው» አሉ። «ወደይን፣ ልጄን፣ እረሳዋለሁ እንዴ? ኣርባ ቀኑ ላይ ቄሱ በጆሮዬ ስሙን ከነገረኝ ጀምሮ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት፣ ኣንድ ጠዋት ሳልጠራው ኣላውቅም። በፊት ጠብቅልኝ እል ነበር። ከመርዶው በኋላ ነፍሱን ማርልኝ እላለሁ።»

«ታዲያ ለፍትሐት ለምን ከለከሉኝ?»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ቁጣ አየሁበት። ካገባሁ ወዲህ ያን ፊት አይቼው አላውቅም።

«ሰባ ኣራት ዓመቴ ነው። እኔ ስሞት ማን ይጠራዋል? ቀሺ ቅዳሜ ይጠሩታል። ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ነፍስ ይማር ብሎ ይሄዳል። እሑድ ማን ይጠራዋል? ስሙን በየቀኑ ለሚጠራ ሰው ልሰጠው ነው የምጠብቀው። ካንቺ በቀር ሰው የለኝም። ኣንቺ ደግሞ ከእግዚኣብሄር ተኳርፈሻል!»

«አሁንም ተኳርፌያለሁ» አልኩ። «እንደ እርስዎ ተመስገን እያልኩ ልኖር አልችልም። አልናደድም ብዬ ልዋሽ?»

«ኣልናደድም ያለሽ ማን ነው?» አሉ። «እኔ የማልናደድ መሰለሽ? ወልጄ፣ ኣሳድጌ፣ ኣስተምሬ! ጠዋት ስነሣ ኣፌ ላይ የሚመጣውን ብታውቂው ቤቱን ጥለሽ ትሮጫለሽ። ኣፌን በተመስገን ካልያዝኩት ምን እንደምናገር ኣውቃለሁ። እሱም ያውቃል። እያወቀ ነው የሚሰማኝ።»

ውጭ አንዱ ጎረቤት ሬዲዮ ከፈተ።

«ተናደሽ ጥሪው» አሉ በመጨረሻ። «እያለቀስሽ ጥሪው፣ እየተጣላሽ ጥሪው። ጥሪው ብቻ። ኣንድ ቀን ሳትዘይ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትሞቺ።»

ቀላል ነገር አልጠየቁኝም። እንደ ቅዳሜው ድንኳን ተተክሎ የሚነቀል አይደለም።

«ሕራይ፣ አደይ» አልኩ።

ጎንበስ አሉና፣ ያኔ ቄሱ ለእሳቸው እንዳደረጉት፣ ስሙን በጆሮዬ ነገሩኝ። ገብረ አረጋዊ።

ቅዳሜ ፍትሐቱ በዚያ ስም ተደገመ። ሥዩምም በክራንቹ መጥቶ ቆሞ ሰማ። ተዝካሩ ተበላ፣ ሰዉ ሄደ፣ ድንኳኑ ተነቀለ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ አማቴ አጠገብ ቆምኩ። ቦታ ለቀቁልኝ፤ ምንም አላሉኝም። ገብረ አረጋዊ አልኩ። ከዚያ የጀመርኩት ጸሎት አልነበረም፣ ክስ ነው። ለምን እሱን አልኩ፣ ለምን በዚያ ዕድሜው፣ የት ነበርክ። እሳቸው በግራዬ ሆነው መቁጠሪያቸውን ያንሿሻሉ፤ አላስቆሙኝም። ሲደክመኝ ከወረቀቱ ላይ የመጨረሻውን ስም አነበብኩ። ገብረ መድኅን። በቆርቆሮ የጫረበት እጁ ታየኝ።

ስለ እሱ ተመስገን አልኩ። ስለ እሱ ብቻ። በሌላው ገና አልታረቅንም፤ ነገም እመጣለሁ።