የአሮጌዋ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል

አሮጌዋ ኮምፒውተሬ ለመከፈት ግማሽ ሰዓት ፈጀች ብሎ፣ አለቃዬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «እናንተ ሁለት ቅራቅንቦዎች አብራችሁ ነው መጣል ያለባችሁ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ምሳዬን ትቼ፣ እህቴ በፍላሽ የሰጠችኝን ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩባት፤ ነፃ ነው፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ ወንበሬን ስቤ እስክቀመጥ ትከፈታለች።

ትናንት የራሱ አዲስ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍበት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ የእኔን ነቅሎ ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ከቢሮው ተጣራ።

«የይለፍ ቃሏ ምንድን ነው?»

«ያን ቀን እኔንና እሷን የሰደቡበት ቃል ነው» አልኩት።

«እኔ? መቼ ሰደብኩሽ?»

የወጋ ረስቷል። እኔ ግን ያቺን ቃል በየጠዋቱ ስጽፋት ነው የከረምኩት።