ለአማቷ የተገዛ ካሜራ

«ካሜራው የሚገጠመው የውጭ በሩ ላይ ነው?» አለ ሻጩ።

«ሳሎን ውስጥ። የእኔ ሌባ ቁልፍ አለው» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

ሌባ ያለችው የሟች ባሏን ወንድም ነው። ቤቱን ልቀቂ እያለ ይደበድባታል፤ ለአማቷ ስትነግራቸው ግን «የእኔ ልጅ ዝንብ አይገድል፣ ስሙን አታጥፊ» ይሏታል። ሻጩ ወር ሙሉ የሚቀዳውን ትልቁን መቅጃ ሊሸጥላት ቢለፋም እሺ አላለችም። ሰው ሲገባ ስልክ ላይ የሚጮኸውን፣ ድምፅም የሚያስተላልፈውን ትንሹን መርጣ ከአማቷ ስልክ ጋር አገናኘችው። «እማዬ፣ ስናፍቅዎት ይዩኝ» አለቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የባሏ ወንድም መጣ። ደህና አደርሽ እንኳ ሳይል በቡጢ ከንፈሯን ሰነጠቀው። ፀጉሯን ጨምድዶ ግንባሯን ከስፌት መኪናው ጋር አላተመው፤ ደሟ በደንበኛ ነጭ ቀሚስ ላይ ተንጠባጠበ።

«አሁንስ ለማን ልትነግሪ ነው?» አለና ጎኗን በእርግጫ መታት።

«እያየሁህ ነው!» የሚል ድምፅ ከክር መደርደሪያው ላይ ጮኸ። የእናቱ ድምፅ ነው። «አንተ አረመኔ! ልጄን ልቀቃት!»

ለቀቃት። ቀና ብሎ ካሜራውን አየው፤ ከዚያም በርጩማውን አንስቶ የእናቱ ድምፅ ዝም እስኪል ድረስ ቀጠቀጠው።