ክሬን የሚያዝዘው እጅ

ሽማግሌው ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ክሬን ሥር ቆሞ፣ በእጁ ምልክት ብረት ሲያስነሳና ሲያስወርድ የኖረ ሰው ነው። የጉሮሮ ቀዶ ጥገናው ድምፁን ይዞበት ከሄደ ሰባት ወር ሆኖታል። የሚስቱ ዓይን ደግሞ ከዚያ በፊት ጠፍቷል። እንግዲህ ፍረዱ፤ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማታል፣ መልስ ግን የለም። በስልክ ጽፎ ስልኩ እንዳያነብላት፣ ያ ወፍራም ጣቱ አንድ ፊደል ሲነካ ሦስቱን ይጨፈልቃል።

«ከግድግዳ ጋር ማውራት ታከተኝ» አለችና እህቷ ዘንድ ሄዳ ልትኖር ቆረጠች። ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን አንጠልጥላ ታክሲ ስትጠብቅ፣ አትሂጂብኝ ብሎ የሚለምንበት ቃል አጥቶ ክፍሉ ውስጥ ተንቆራጠጠ።

ስልክ ጠጋኟ ልጃቸው እያለከለከች የደረሰችው ያኔ ነው። የእጅን እንቅስቃሴ የሚለይ ሴንሰር ያለበት ቀለበት ይዛለች፤ እጅ ያሳየውን ስልኩ በድምፅ ይናገራል። ሳምንቱን ሙሉ «ክብ አዙር፣ ወደ ግራ ሳብ» ብትለው እጁ አልታዘዝ ብሎ ነበር። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ፣ የሥራ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ቀድታ ወሰደች።

ውጭ ጡሩምባ ተነፋ። ሚስቱ ወደ በሩ ተራመደች። ቀለበቱ አንጓው ላይ አልገባም ብሎ ትንሽ አስጨነቃቸውና ገባ። ሽማግሌው እጁን ከፍ አድርጎ ጨበጠ።

«ቁም!» አለ ስልኩ።

ሽማግሌው እጁን ገልብጦ አየው፤ የራሱ አልመስልህ አለው። ይህ ጭብጥ ስንቱን ብረት አየር ላይ አቁሟል፤ ቃል ሲያወጣ ግን የሰማው ዛሬ ገና ነው። ጉድ ነው! በሕይወቱ እንዲህ ተደንቆ አያውቅም።

«ማነው እሱ?» አለች ሚስቱ።

«አባዬ ነው። በእጁ ነው የተናገረው።»

«ቁም? እኔን?» ሻንጣዋን እንደያዘች ሳቋ አመለጣት። «አንተ ሰውዬ፣ ወንድ ሆንኩብህ እንዴ?»

ልጅቷ ግንባሯን መታች። የምልክቶቹን ትርጉም የነገራት ከአባቷ ጋር ይሠራ የነበረ ክሬን ነጂ ነበር፤ እሱም እንደታዘዘው አድርጎ ነው የነገራት።

«ቆይ እማዬ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

«ተይው! ሌላስ ምን ይላል?»

ሽማግሌው መዳፉን ወደ መሬት ዘረጋ። ከባድ ጭነት ሰው አጠገብ ሲያርፍ እንደሚያደርገው፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገው።

«ቀስ ብለህ አውርደው» አለ ስልኩ።

ሚስቱ ሻንጣውን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።