ሦስተኛው ግብዣ

በእኛ በሰሜኗ የሐይቅ ዳር ከተማ በዱሉት በኩል ሰው ቁራሽ ኬክ ሲቀርብለት መጀመሪያ «አይ፣ ይቅርብኝ» ይላል። ሁለተኛ ሲቀርብለት «ኧረ አትቸገሩ» ይላል። ሦስተኛ ሲለመን ነው «እሺ፣ እናንተን ላለማስቀየም ያህል» ብሎ ሳህኑን የሚያጸዳው። ደንቡን የማያውቅ ጋባዥ የገጠመን ቀን በረሃብ ማለቃችን ነው። አርዲስም ከዚሁ አፈር የበቀለች ናት። ባሏ ኦርቪል ለጋብቻ የጠየቃት ሦስቴ ነው፤ ሁለቴ እንቢ ስትለው ቅር እንኳ አላለውም።

ያ ኦርቪል ባለፈው መጋቢት በረዶ በስቶ ዓሣ ሊያጠምድ ወደ ሐይቁ ወጣና በረዶው ከዳው። ኮፍያው ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም። ጡረታ ስንወጣ እንዞርበታለን ብለው የገዙት መኝታና ማብሰያ ያለው ቤት መኪና ደጅ ላይ ተገትሮ ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ «ሽጪው፣ ምን ያደርግልሻል» ይላታል። እሷ ደግሞ እልኸኛ ናት። ኮፍያውን ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ በሰባ ዓመቷ መሪ ጨብጣ ወጣች። አብረው ሊያዩ ያሰቡትን ሁሉ ዞረች፤ በቢራ ጠርሙስ የተገነባውን ቤትም፣ አንድ ገበሬ ከአሮጌ ማረሻ የሠራቸውን ዳይኖሰሮችም አየች። አንዱም ደስ አላሰኛትም። የምትፈልገው እሱ ከጎኗ እንዲቀመጥ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

የቀራት የሲሚንቶው ዓሣ ነበር። ከከተማችን ወጣ ብሎ፣ ኦርቪል በቀረበት ሐይቅ ዳር የተጋደመ፣ ቤት የሚያህል ዓሣ ነው፤ ጎብኚ በአፉ ይገባል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጉም ከሐይቁ ወጥቶ ጭራውን ውጦት ነበር። አርዲስ ጥርሶቹን አልፋ ስትገባ፣ ሆዱ ውስጥ አንዲት ጠባቂ ጠረጴዛ ዘርግታ ተቀምጣለች። ስሟ ትዊላ ነው።

«ኬክ ላቅርብልዎት?» አለቻት ትዊላ።

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

«የሎሚ ነው። ዛሬ ነው የጋገርኩት።»

«ኧረ አትቸገሪ፣ ምሳ በልቻለሁ» አለች አርዲስ። ከጠዋት ጀምሮ እህል የሚባል አልቀመሰችም።

ትዊላ ኬኩን ሸፈነችው። አርዲስ የተሸፈነውን ሳህን እያየች ምራቋን ዋጠች። ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው ይሄ፣ አለች በሆዷ።

«የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም መሰለኝ?»

«ከደቡብ፣ ከሉዊዚያና ነኝ። እኛ ጋ የራበው ይበላል፣ ያልራበው ይቀመጣል» ብላ ሳቀች ትዊላ። «አንዴ ነበር የምጠይቀው። ሁለቴ መጠየቅን ከእነሱ ነው የለመድኩት።»

«ከእነማን?»

«ጉም ሲሆን ከሐይቁ ከሚወጡት። እነሱም ሁለቴ ነው የሚጠይቁት፣ እትዬ። ለሦስተኛው አቅም የላቸውም።» ይህን ስትል ሳቋ ጠፍቶ ነበር።

አርዲስ ብቸኝነት የዚችን ልጅ አእምሮ ነካው ብላ አዘነችላት። «እንግዲህ… ለየት ያለ ነገር ነው» አለች። በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። አመስግና ወጣች።

መኪናው ውስጥ ገብታ በሯን ስትዘጋ፣ በወዲያኛው በር መስኮት አጠገብ ሰው ቆሟል። የመስኮቱን መስታወት ዝቅ አደረገችው። ኦርቪል ነው። የዓሣ ማጥመጃ ካፖርቱን እንደለበሰ ነው፤ ከእጅጌው ውኃ ይንጠባጠባል። ፊቱ የሻማ ሰም መስሏል፤ ዓይኑ ግን የራሱ ዓይን ነው። አርዲስ ፈራች፤ ደስታዋ ግን ከፍርሃቷ በለጠ።

«ቦታ ካለሽ፣ አብሬሽ ብሄድ ምን ይመስልሻል?» አላት።

አፏ ሳያማክራት መለሰ። «ኧረ አትቸገር። መንገዱ ያደክምሃል።»

«ምንም አይለኝም። ካርታውን እይዝልሽ ነበር።»

«አይ፣ እኔ ለምጄዋለሁ፣ ይቅርብህ» አለች፣ እጇን ወደ በሩ መክፈቻ እየሰደደች። ቀጥል፣ በል ቀጥል የኔ ጌታ፣ ትላለች በልቧ። ሦስተኛውን ሳይጨርስ ልትከፍትለት ተዘጋጅታለች።

ኦርቪል ግን ልሂድ የሚል ሰው እንደሚያደርገው ጭኑን መታ መታ አደረገ። «በይ እንግዲህ» አለና ጉሙ ውስጥ ገባ።

የትዊላ ነገር ያኔ ነው ትዝ ያላት። የሰባ ዓመት ይሉኝታዋ ሬት ሆነባት። የገዛ ምላሷን ረገመችው። ወርዳ በወዲያኛው በኩል ዞረች፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ወደ ጉሙ ተጣራች።

«ኦርቪል፣ ና ግባ።»

«አይ፣ አላስቸግርሽም» አለ ድምፁ ከሩቅ።

ልቧ መለስ አለ። እሱም እኮ የዚሁ አገር ሰው ነው።

«ቦታ ሞልቷል። ግባ።»

«ኧረ ልብሴ ርሷል፣ ወንበሩን አበላሽብሻለሁ።» ድምፁ አሁን ከውኃው አጠገብ ነበር።

«አበላሸው» አለች አርዲስ። «እኔ ነኝ የምለምንህ። ግባ።»

ውኃው ድንጋዩን ይልሳል፣ ያ ብቻ ነው የሚሰማው። ብዙ ጠበቀች። በመጨረሻ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው፣ በራሷ በኩል ገባች፣ ፊቷን በመዳፏ እየጠረገች ሞተሩን አስነሳች።

መኪናው ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። ይህ ድምፅ ከጎን የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ሳያስር ሲቀር የሚጮኸው ነው። ኮፍያው ከቤት ጀምሮ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ቀን አስጩኾት አያውቅም። ሐይቅ ሐይቅ ሸተታት። ዞራ ለማየት ወኔ አጣች፤ በዓይኗ ጠርዝ ግን ወንበሩ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ብሎ፣ ከጫፉ ውኃ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ አየች።

ኦርቪል በሕይወቱ ሳይጨቀጨቅ ቀበቶ አስሮ አያውቅም።

«ቀበቶህን እሰር» አለች። ጢጥታው ቀጠለ።

«ኦርቪል፣ ቀበቶህን።» አሁንም ቀጠለ።

«በናትህ፣ እሰር።»

ቀበቶው ተሳበ፣ ቀጭ አለ፣ ጢጥታው ቆመ። አርዲስ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል እጇን ዘረጋችና ማሞቂያውን በእሱ በኩል ከፈተችለት።